«ለሕፃኑ ብዬ ነው» አትበሉ

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ማዋለጃ ክፍል ለምትመደቡ ልጆች ነው የምጽፈው። ሚድዋይፍ ሁኑ፣ ነርስ ሁኑ፣ ጤና መኮንን ሁኑ፣ ኢንተርንም ሁኑ፣ ለሁላችሁም ነው። ሰሜን ሸዋ ለሚደርሳችሁ ደግሞ በተለይ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው እዚሁ ነው። መንዝ ደጋው ላይ ሠርቻለሁ፣ ቀወት ቆላ ወርጄም ሠርቻለሁ፣ ደብረ ብርሃን ተማሪ ይዤ ዋርድ ለዋርድ ዞሬያለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜም አለኝ፣ ብረዝም ታገሱኝ።

ጉዳዬ ምጥ ላይ ባለች ሴት ላይ የሚጮኸው ባለሙያ ነው። ጭኗን በጥፊ የሚላት፣ ሳይነግራት እጁን የሚያስገባ፣ «ዝም በይ» የሚላት። ሴቶቹ የሚሉትን ብዙ ሰምታችኋል። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው እኛ የምንለውን ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ቁጭ ብለን ምን እንደምንባባል፣ ለምን ልክ የሠራን እንደሚመስለን። ምክንያቱም እናንተም በገባችሁ በጥቂት ወራት ያንኑ ማለት ትጀምራላችሁ፣ መጀመራችሁንም አታውቁትም።

ይሄን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ቀላል ነበር፣ ለይቶ ማሰናበት ነው። የማውቃቸው ሰዎች ሌሊት ሙሉ ሳይቀመጡ የሚያድሩ፣ ደም ሲጠፋ የራሳቸውን የሚሰጡ፣ ለታካሚ ዳቦ ከኪሳቸው የሚገዙ ናቸው። ያው ሰው ነው ደግሞ «እግርሽን ክፈቺ አልኩሽ!» ብሎ የሚመታው። ለምን መታሃት ስትሉት መልሱ አንድ ነው። «ለሕፃኑ ብዬ ነው።»

እስቲ ይቺን ነገር ቀስ ብለን እንያት።

ሴትየዋ ማማጥ ጀምራለች። የሕፃኑ ጭንቅላት ይታያል፣ ግን አይወጣም። ደክሟታል፣ ሲያማት ጭኗን ትገጥማለች። የልቡን ምት ስትሰሙት ቀንሷል። እናንተ ብቻችሁን ናችሁ። እጃችሁ ያልባችኋል። ያኔ ከጎን ያለ ሲኒየር ይመጣና ይጮህባታል፣ ጭኗን አንዴ በጥፊ ይላታል፣ እሷም ትገፋለች፣ ልጁ ይወጣል፣ ያለቅሳል። ሁሉም ተገላገለ። ከዚያ የሚመጣው ነገር ነው መጥፎው። እናትየው ራሷ ቀና ብላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ባትቆጣኝ ልጄን ገድየው ነበር» ትላለች። ይሄን ከራሷ አፍ የሰማ ወጣት ምን ይማራል? ጥፊ ልጅ እንደሚያድን። በሚቀጥለው ሳምንት እሱም ይመታል። ከማንም ደብተር ላይ አልተማረውም፣ ግን ከማንኛውም ትምህርት በላይ ይዞታል።

ልጁን ያወጣው ግን ጥፊው አይደለም። ጭንቅላቱ በሩ ላይ ነበር፣ ቀጣዩ ምጥ መጣ፣ ወጣ። በቃ። እንዲያውም ጩኸቱ ሊያዘገየው ይችል ነበር። ሴት ስትፈራ ሰውነቷ አድሬናሊን ያመነጫል፣ አድሬናሊን ደግሞ ምጥ የሚያመጣውን ሆርሞን፣ ኦክሲቶሲንን፣ ይቃወመዋል፣ ምጡ ይደክማል፣ ጡንቻዋ ይገትራል። ይሄንን ፈተና ላይ ጽፋችሁ አልፋችሁበታል። ማዋለጃ ክፍል ስትገቡ ግን ዕውቀቱ ፈተና ወረቀቱ ላይ እንደቀረ ሆኖ አየዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። የሚጮህ ሰው በዚያች ሰዓት እያሰበ አይደለም። የልብ ምቱ ከወረደ መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄዎች አሉ። ፊኛዋ ሞልቷል ወይ? በጀርባዋ ስለተኛች ነው ወይ፣ በግራ ጎኗ ባዞራት ይስተካከላል? ምጡ በቂ ነው? የሕፃኑ አቀማመጥ እንዴት ነው? ቫኪዩም፣ ሕፃኑን ስቦ የሚያወጣው መሣሪያ፣ የሚሠራበት ሁኔታ ነው? ወደ ሆስፒታል ሪፈር ልበል፣ አምቡላንሱ የት አለ? ጩኸት የእነዚህን ሁሉ ቦታ ይወስዳል። አንዳች ነገር እየሠራችሁ ያለ ይመስላችኋል፣ የምትሠሩት ነገር ግን የለም። ሕፃኑ በእውነት ታፍኖ ከሆነ ጥፊው አያድነውም፣ ውሳኔ ነው የሚያድነው። ስለዚህ «ለሕፃኑ ብዬ ነው» የሚል ነገር ወደ አፋችሁ ሲመጣ፣ ለሕፃኑ ማድረግ ያለባችሁን ነገር እየዘለላችሁ እንደሆነ ጠርጥሩ።

ሆድ መጫኑም እንደዚሁ ነው። ከላይ በክንድ ሆዷን ወደ ታች መግፋት። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው የምጥና ወሊድ መመሪያ አይመከርም ብሎታል። ማህፀን ሊተረተር ይችላል። ግን አሁንም «ትንሽ ላግዛት» እየተባለ ይደረጋል። ማገዝ ከፈለጋችሁ ግንባሯን ጥረጉላት፣ ውኃ አጉርሷት፣ ከምጥ እስከ ምጥ ድረስ አሳርፏት፣ አንድ ሰው ብቻ ያናግራት። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ «ግፊ! ግፊ! ግፊ!» ሲላት የማንን ትስማ?

በነገራችን ላይ ስትወልድ የተቀደደችን ሴት ያለ ማደንዘዣ የሚሰፋ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ። «ትንሽ ናት፣ ሦስት ስፌት ናት፣ ቻይው» ይባላል። ማደንዘዣው ሊዶኬይን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እየተባለ ነው የምላችሁ። ከሌለ ደግሞ የሌለበትን ምክንያት ፋርማሲ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ጠዋት ስብሰባ ላይ አንሱት። ምጥ የቻለች ሴት መርፌና ክር የመቻል ግዴታ የለባትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያታችን ልምጣ። «ሰው የለም፣ ዕቃ የለም፣ ቦታ የለም።»

ይሄ እውነት ነው። እውነት አይደለም የሚላችሁ አለቃ ካለ አንድ ሌሊት ዲውቲ አሳድሩት። ጤና ጣቢያ ላይ ማታ አንድ ሚድዋይፍ ብቻዋን ታድራለች፣ ሁለት ሴት እኩል ትደርስባታለች፣ መብራት ይጠፋል፣ ጓንት ያልቃል። የዲውቲ ክፍያው ለወራት ይዘገያል። ቤተሰብ ደጅ ላይ ዱላ ይዞ ይዝታል። እናት ብትሞት ተጠያቂዋ እሷው ናት። «እኔን ማን አከበረኝና ነው እኔ የማከብረው» የሚል ባለሙያ ብዙ ሰምቻለሁ፣ የሚለውም ከልቡ ነው። ይሄን ንቄ አላልፈውም። ባለሙያውን እያዋረደ እናትን አክብር የሚል አሠራር ፍሬ አያፈራም።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የምናውቃት ሴት ስትመጣስ? የፋይናንስ ኃላፊው ሚስት፣ የባልደረባችን እህት፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር። ያው ሌሊት፣ ያው አንድ ሚድዋይፍ፣ ያው የተሰነጠቀ ኮች፣ የማዋለጃ አልጋው። ለእሷ ጋቢ ይመጣል። በስሟ ትጠራለች። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ይባላል። እናቷ ከጎኗ ትቆማለች። ከመመርመሯ በፊት ይነገራታል። ማንም ጭኗን አይነካም። እንግዲህ ዕቃው ከየት መጣ? ሰዓቱ ከየት መጣ? በጀት አልተጨመረም፣ ሠራተኛም አልተቀጠረም። ማክበሩን ስለማናውቅበት አይደለም፣ እናውቅበታለን። ለማን እንደምናደርገው ግን መርጠናል።

የማይመረጡትን ደግሞ ማንም ያውቃቸዋል። ከገደል ማዶ በቃሬዛ የመጣችው። ፀጉሯ ቅቤ የሚሸት፣ እግሯ የተሰነጣጠቀ። ስምንተኛዋን የምትወልደው፣ «አሁንስ አይበቃሽም?» የምትባለው። ሳታገባ ያረገዘችው ተማሪ ወይም የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ስታለቅስ «ስትሠሪው ደስ ብሎሽ አልነበር?» የምትባለው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ክፍል ውስጥ እንደሰማኋት አልነግራችሁም፣ እናንተ ግን እንዳትሏት። ሲባል ከሰማችሁም አትሳቁ። አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከሆናችሁ አማርኛ በደንብ የማትሰማ የኦሮሞ፣ የአርጎባ ወይ የአፋር እናት ትመጣላችኋለች፣ ያላችሁትን ያልፈጸመችው አልሰማ ብላ ሳይሆን ሳይገባት ነው፣ ቋንቋዋን የሚችል ሰው ከጽዳት ሠራተኞቹም ቢሆን ፈልጉ። ሙስሊም እናት ሴት አዋላጅ ብትፈልግ ቅሬታ አይደለም፣ ሴት ካለች ተቀያየሩ፣ ከሌለች አስረዷትና መሸፈን ያለባትን ሸፍኑላት። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ደግሞ ከቤቷ ተፈናቅላ መጠለያ ውስጥ ያለች እናት ታገኛላችሁ። የመጣችበትን መንገድ አታውቁትም። እሷን ለመጠየቅ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ስለዚህ ልለይላችሁ የምፈልገው ይሄን ነው። ያለ ሰው፣ ያለ በጀት፣ ያለ ቦታ የማይሆን ነገር አለ፣ እሱን ከላይ ካሉት ጋር ተሟገቱበት። ምንም የማይጠይቅ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ዛሬ ማታ አድርጉት። ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቃችሁ «ሁኔታው አይፈቅድም» አትበሉ። ለእኔ ከባዱ የሙያ ጥፋት ይሄ መደባለቅ ነው።

ምንም ከማይጠይቁት ልጀምር።

ስሟን ጠይቁና በስሟ ጥሩ። «ፕራይሚዋ»፣ «ሁለት ቁጥሯ»፣ «ያቺ ሪፈሯ» አትበሉ። የራሳችሁንም ስም ንገሯት። ዕድሜዋ የእናታችሁ ከሆነ እንደ እናታችሁ አናግሯት። ቻርቷን ስታነቡ በተለይ የደም ምርመራ ውጤቷን ጮክ ብላችሁ አታንብቡ፣ መጋረጃ በሌለበት ክፍል አጠገቧ ያለችው የጎረቤቷ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ስትመረምሯት ንገሯት። «መጥታለች እኮ፣ መምጣቷ መፍቀዷ ነው» የሚል ባለሙያ አለ። አይደለም። የመጣችው ልጇን በሰላም ልትወልድ ነው፣ ገላዋን ለማንም አስረክባ አይደለም። «እናቴ፣ አሁን በጣቴ የማህፀንሽን በር አያለሁ፣ ትንሽ ይቀዘቅዝሻል፣ ምጥ ከመጣብሽ ንገሪኝ፣ አቆማለሁ» ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ካያችሁ በኋላም ያገኛችሁትን ንገሯት። የማህፀን በርሽ አምስት ሳንቲ ሜትር ተከፍቷል፣ ስድስት ደርሷል በሏት። ስንቱ ዝም ብሎ ጓንቱን ጥሎ ይወጣል፣ እሷ ደግሞ ልጄ ሞቶ ይሆን እያለች ጣራ ታያለች። ተማሪ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር። በንቁ ምጥ ጊዜ የማህፀን በር ምርመራ በየአራት ሰዓቱ ይበቃል። ለሎግ ቡክ፣ ለልምምድ መዝገባችሁ፣ መሙያ ተራ ይዛችሁ አንዲትን ሴት አምስት ሆናችሁ አትመርምሯት። ኢንፌክሽኑ አንድ ነገር ነው፣ ውርደቱ ደግሞ ሌላ ነው። አስተማሪያችሁ ቢያዛችሁም «ቅድም ታይታለች፣ ውጤቱን እንካፈል» በሉ። እኔ እንዲህ ያለ ተማሪ ነው የማከብረው።

ብርዱን አትርሱ። ይሄን የምላችሁ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች ነው፣ መንዝ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ላይ ውርጭ ሲወርድ፣ ከወገቧ በታች ራቁቷን ላስቲክ የለበሰ ኮች ላይ የምትጋደም ሴት አስቡ። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ እኛ ደግሞ «ተረጋጊ» እንላታለን። ጋቢዋን ወይም ባናዋን አታስወልቋት። ከሥሯ አንጥፉላት፣ ሆዷ ላይ ጣል አድርጉላት፣ ለምርመራ የሚያስፈልገውን ብቻ ግለጡ፣ ስትጨርሱ መልሳችሁ ሸፍኑ። ሕፃኑም ብርድ ይገድለዋልና ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም።

አወላለዷን በተመለከተ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጤና ጣቢያ ለድጋፋዊ ክትትል ሄጄ ነው። ከወንዝ ማዶ የመጣች ሴት፣ አራተኛዋ ነው፣ መቀነቷን እንዳጠበቀች ኮቹ ላይ አውጥተዋታል። ምጥ ሲመጣባት ተነስታ መሬት ወረደች። ተረኛዋ ነርስ «ውጪ! እዚያ ላይ ውጪ!» አለቻት። ወጣች። ሌላ ምጥ መጣ፣ እንደገና ወረደች። «አንቺን ነው የማናግረው!» አለቻት። ሴትየዋ ዓይኗን እንደጨፈነች «እኔ እንዲህ አላውቅበትም፣ በርከክ ብዬ ነው የምወልደው» አለች። ክፍሉ ዝም አለ። አንድ ገና አዲስ የተመደበ ወንድ ሚድዋይፍ ምንም ሳይናገር ሄዶ ላስቲክ አመጣ፣ አነጠፈ፣ በላዩ የእሷን ጋቢ አነጠፈ፣ ንጹሕ ጨርቅ ደረበ፣ ጓንቱን አድርጎ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። እናቷን ከበር ጠርቶ ከኋላዋ ደግፊያት አላት። ከሁለት ወይ ከሦስት ምጥ በኋላ ልጁ እጁ ላይ ነበር። መቀደድ አልነበረም። እንግዴ ልጁ ወጣ፣ የደሙን መጠን አየ፣ ሁሉንም እንደ ሥርዓቱ ሠራ። ያቺ ነርስ በኋላ ለብቻዬ አግኝታኝ «በዚህም ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። ይሆናል። የአያቶቻችን አወላለድ ነው፣ መመሪያውም እናትየው የመረጠችውን አቀማመጥ ፍቀዱላት ነው የሚለው። በጀርባ መተኛት የሚመቸው ለእኛ ዓይን ነው፣ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ወደ ሕፃኑ የሚሄደውን ደም ሊቀንሰው ይችላል።

ከጎኗ ስለሚቆም ሰው። ባለሙያዎች ቤተሰብ አናስገባም ሲሉ ምክንያት አላቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሌላዋ ሴት ራቁቷን ናት፣ ቤተሰብ ይረብሻል፣ ስህተት ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልክ ናቸው። መፍትሔው ግን መጋረጃ ነው እንጂ በር መዝጋት አይደለም። ሽቦ ወጥሮ አቡጀዲ መስቀል ብዙ ብር አይጠይቅም፣ ያደረጉት ጤና ጣቢያዎች አሉ። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች የሰበሰበ ዳሰሳ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች ምጣቸው እንደሚያጥር፣ በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ ዕድላቸው እንደሚጨምር፣ ኦፕራሲዮኑም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንዲህ የሚሠራ መድኃኒት ቢመጣ ተሰልፈን እንገዛው ነበር። እንዲያውም ብቻችሁን የምታድሩ ከሆነ ይሄ ደጋፊ ከእናንተ በላይ የሚያስፈልገው የለም፤ ወገቧን የሚያሽ፣ ውኃ የሚያቀብል፣ ደም ካየ የሚጠራችሁ ሰው ነው። ማን እንዲገባላት እንደምትፈልግ ግን ለብቻዋ ጠይቋት። አማቷ ቀድማ ስለገባች ብቻ አማቷን ትፈልጋለች ማለት አይደለም። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ሲሉም ዝም በሉ አትበሏቸው። ሌላ ሰው እንዳይረበሽ ቀስ በሉ ማለት ይቻላል። ያቺ ሴት ከማዶ ተሸክማ የመጣችው ድፍረት እሱ ነው።

«ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ ዋናው በሕይወት መውጣቷ ነው» የሚለኝ አለ። ለእሱ ይሄን እላለሁ። በእኛ አቆጣጠር የሁለት ሺህ ስምንቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ሲወጣ በአገራችን በጤና ተቋም የምትወልደው እናት ከመቶ 26 ነበረች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 48 ደርሳ ነበር። ይሄ የመጣው በብዙ ልፋት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ፣ አምቡላንስ ወረዳ ድረስ እየመጣ፣ ወሊድ በነፃ ሆኖ፣ የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ገንፎ ተገንፍቶ ቡና ተፈልቶ ነው። ያ ሁሉ ሆኖ ግን ከመቶ ሃምሳ ያህሏ አልመጣችም ነበር። ስለ ሦስቱ መዘግየቶች ተምራችኋል፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። የእኛ ጩኸት በሦስተኛው ላይ ያለ ይመስለናል። የሚሠራው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው። የተመታችው ሴት ቀበሌዋ ስትመለስ፣ ቡና ላይ ሲጠይቋት፣ «ልጄንስ አገኘሁ፣ ግን እንደ እሱ ያለ ቦታ ዳግም አልሄድም» ትላለች። ወሬ ከአምቡላንስ ይቀድማል። ያን የሰማች ጎረቤቷ በቀጣዩ ዓመት ሁለት ቀን እቤቷ አምጣ፣ ማህፀኗ ተተርትሮ ወይም ፊስቱላ ይዛ ትደርስላችኋለች፣ እናንተም «ለምን እስካሁን ቆየሽ?» ብላችሁ ትቆጧታላችሁ። ክቡ እንዲህ ነው የሚዞረው። በሕይወት መውጣቷ ዋናው ከሆነ፣ ማክበራችሁ በሕይወት የሚያስወጣት አንዱ መንገድ ነው።

ግድግዳችሁ ላይ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚል ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ጥሩ መርህ ነው፣ መንግሥትም በዕቅዱ ያስገባው አውቆ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2014 በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ማዋረድና በደል ይቁም ብሎ መግለጫ አውጥቷል። ግን የሦስት ቀን ሥልጠናን አንድ ሲኒየር በአንድ ዲውቲ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ለሲኒየሮቹም አንድ ቃል፤ ልጆቹ የሚቀዱት ከግድግዳው አይደለም፣ ከእናንተ ነው።

እናንተ ልጆች ደግሞ ሲኒየር ሲጮህ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ታካሚዋ ፊት አትጣሉ፣ ያኔ የምትጎዳው እሷ ናት። ወደ ራስጌዋ በኩል ሂዱ። እጇን ያዙ፣ ጆሮዋ ላይ አናግሯት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጋ ያለ ድምፅ ሲኖር ጩኸቱም ይወርዳል፣ ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ለብቻው፣ በአክብሮት፣ «ሲስተር፣ ቅድም ደንግጬ ነበር፣ እንዲያ ያደረግሽው ምን አስበሽ ነው?» በሉ። ጥያቄ አድርጉት። የማይመለስ ከሆነ ለአስተባባሪው ተናገሩ። ድፍረት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ።

ስለ እናንተም ልናገር፣ ማንም የማይናገረው ነገር ስለሆነ። እናት የሞተችባችሁ ሌሊት ይመጣል። ሕፃን የሞተባችሁም። የሪፖርት ፎርም ይሰጧችኋል፣ ስብሰባ ይጠሯችኋል፣ «አንተ ደህና ነህ?» የሚላችሁ ግን ላይኖር ይችላል። በማግሥቱ ለሌላ ምጥ ትገባላችሁ፣ ያኔ ፍርሃታችሁ ነው ከአፋችሁ ጩኸት ሆኖ የሚወጣው። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ባለሙያ የትናንትናዋን ሟች እያየ ነው። እንዲህ ስትሆኑ ለሥራ ጓደኛችሁ ንገሩ፣ ተራ ተቀያየሩ፣ ውጡና አልቅሱ፣ ውኃ ጠጡና ተመለሱ። ጓደኛችሁ ላይ ካያችሁት ደግሞ «እኔ ልያዛት፣ አንቺ ትንሽ አረፍ በይ» በሉ። ይሄም ያቺን እናት ማክበር ነው።

ልጇ የሞተባትን እናት ደግሞ እልል ከሚባልላቸው መሐል አታስተኟት። ሌላ ክፍል ከሌለ ጥግ አልጋ ፈልጉ፣ መጋረጃውን ሳቡ። ማየት ከፈለገች ልጇን አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳዩአት። «ገና ወጣት ነሽ፣ ትደግሚያለሽ» አትበሏት። ተቀመጡ። ጡቷ ወተት ሲሞላ ምን እንደምታደርግ ንገሯት፣ ይሄን ማንም አይነግራትም። ቤቷ ገብታ ለብቻዋ ነው የምትደነግጠው።

አንድ የመጨረሻ ሥራ ልስጣችሁ። ሴቶቹ ቅሬታ አይናገሩም። ብትጠይቋቸው «ሁሉም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ» ነው የሚሉት። ለእናንተ ለራሳችሁ እንዴት ይናገሩ? እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላችሁ፣ ገንፎዋን በልታ፣ ልጇን ይዛ ስትወጣ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አትተውላችሁም። ስለዚህ ያላዋለዳት ሰው ይጠይቃት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአራስነቷ ሳምንት ቤቷ ስትሄድ፣ ብቻዋን አግኝታ፣ «ምን ደስ አላለሽም?» ሳይሆን «እህትሽ ብትወልድ እዚያ ትወስጃታለሽ ወይ? ምን እንዲቀየር ትፈልጊያለሽ?» ብላ ትጠይቃት። መልሱን ያለ ስም ታምጣው። በየወሩ ግምገማ ላይ ስንት እናት ወለደች፣ ስንት ሪፈር ሄደች ከሚለው ቁጥር ቀጥላችሁ እሱን አንብቡ፣ ከእሱም አንድ የሚስተካከል ነገር መርጣችሁ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩ።